ድርብ ፊደል ያለባት ሳንቲም

ጥቅምት 9

ለምወድዎት ጋሼ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ወገብዎ፣ ያ እንቅልፍ የሚነሳዎት ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ሥራዬ ያው ነው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ሙቀት ግን አለው። አንሶላ እንከታለን፣ አንሶላ እናወጣለን። አብራኝ ከምትኖረው ከክፍሌ ልጅ ጋር አንድ ፈረቃ ስለሆንን መሄጃችንም መመለሻችንም አንድ ላይ ነው። እሷ ሳቂታ ናት፤ የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብላት ደግሞ ይብስባታል። ሰላም በይልኝ ብላለች።

ዛሬ የምጽፍልዎት አንድ ነገር ስላየሁ ነው። ከሆቴሉ ጀርባ አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፤ አጉሊ መነጽር አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ስለሚውል የክፍሌ ልጅ "ባለ አንድ ዓይናው" የሚል ስም አውጥታለታለች። መስኮቱ ላይ የየአገሩን ጥቃቅን ሳንቲም በትልቅ ጠርሙስ ሞልቶ አስቀምጧል። ትናንት ዝናብ ሲያባርረኝ በሩ ላይ ተጠልዬ ጠርሙሱን ሳይ ሳይ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ የኛዋ ባለ ቅጠል ቀይ ሳንቲም! ጋሼ፣ የማውቀው ሰው ያገኘሁ ያህል ነው የደነገጥኩት። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

አጎንብሼ ዓመቷን አነበብኩ። እርስዎን ከሳንቲም መምቻው ማሽን ያነሱበት ዓመት ነው። ልጅ ሆኜ የዚያን ዓመት ሳንቲም ይዤ ስገባ ተቀብለውኝ ወደ ብርሃን ወስደው ያገላብጡት ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄዎት አላውቅም። ሰፈር ውስጥ ለምን "ድርቤ" እንደሚሉዎትም አልጠየቅኩም፤ "የድርቤ ልጅ" ያለኝን ሁሉ መደባደብ ብቻ ነበር የማውቀው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኛለሁና ይንገሩኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 14

ለድንቢጤ፣

ወፍ እንደ አገሩ ይጮሃል ቢሉም ድንቢጥ ድንቢጥ ናት ብዬ ስምሽን አልለወጥኩም። እንደምን አለሽልኝ? ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ለዚያች ሳቂታ ጓደኛሽ ሰላምታዬ ይድረሳት፣ ጥርሷን አይንሳት።

ስለ ሳንቲሟ ጠየቅሽኝ። ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

ሳንቲም የሚመታው በሁለት ብረት መሀል ነው። ፊደሉም ቅጠሉም ብረቱ ላይ በግልባጭ ተቀርጿል። ያልታተመው ክብ መዳብ መሀል ይገባል፣ ማሽኑ አንዴ ጓ ያደርገዋል፣ በቃ ሳንቲም ሆነ። የእኔ ሥራ ብረቶቹን ማሰር፣ ብሎናቸውን ማጥበቅና መጠበቅ ነበር። አንድ ቀን ተቆጣጣሪያችን መጣ። ጥርሱን ያየ ስላልነበር "ኮስትሬ" ነበር የምንለው። በእፍኙ ሳንቲም ይዟል። በቅጠሏ ዙሪያ ያለው ፊደል ሁሉ ድርብ ሆኗል። "ብሎኑን አላጠበቅክም፣ ብረቱ እየዘለለ ነው የመታው" አለኝ። "ጌታዬ አጥብቄያለሁ፤ ብረቱ ራሱ ሲቀረጽ የተበላሸ ነው፣ ይታይልኝ" አልኩት። ሳይታይ አቀለጡት። ሳንቲሙም ከተሰበሰበ በኋላ ቀለጠ፤ ቀድሞ ገበያ የወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው የተረፈው። እኔን በር ላይ አስቀመጡኝ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በር ስከፍት ስዘጋ ኖርኩ። "ድርቤ"ን ጓደኞቼ አወጡልኝ፣ ሰፈሩ ወረሰው።

ይህ ሁሉ አይከነክነኝም። እናትሽ ናት የከነከነችኝ። "ሰው አይሳሳትም እንዴ ወንድሜ? እኔ ይቅር ብዬሃለሁ" ትለኝ ነበር። ድንቢጤ፣ እህቴ ያላጠፋሁትን ይቅር ብላኝ ሞተች።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። ላልቶ የዘለለ ብረት የሚተወው ድርብ ጠፍጣፋ ነው። ፊደሉን ከጎኑ ገፍቶ እንደ ደረጃ ያስተኛዋል፣ ፊደሉም ይሳሳል። ደግሞ አንዱ ሳንቲም ላይ ወደ ቀኝ ከሄደ ሌላው ላይ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የላላ ነገር ሁለቴ አንድ ዓይነት አይዘልማ። ብረቱ ሲቀረጽ የተሳሳተ ከሆነ ግን ሁለተኛው ፊደል እንደ መጀመሪያው ሙሉ ሆኖ ይነሳል፣ ማዕዘኑ ላይ ጫፉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከዚያ ብረት የወጣ ሳንቲም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሺህ ቢሆን አንድ ዓይነት ነው።

ያቺን ሳንቲም ግዢልኝና ማዕዘኗን እይልኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እኔ መቃብሩ ሳይመጣ አንድ ሰው ቢያውቅልኝ ይበቃኛል። ያ ሰው አንቺ ነሽ።

ስለ እኔ ብለሽ ደግሞ እንዳትመጪ። ሥራሽን ያዢ። የረገጥሽው ይለምልም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስልኝ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት፤ የእማዬ ጉዳይ ላይ ስደርስ ሦስቴም አቋረጥኩት።

ሳንቲሟን ገዛኋት። ባለ አንድ ዓይናው ከጠርሙሱ ለማውጣት ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው፤ እያጉረመረመ ነው፣ ግን ደስ ብሎታል። መነጽሩን አዋሰኝ። መብራቱን ወደ አንድ ጎን አድርጌ፣ ሳንቲሟን ዘንበል ቀና ሳደርጋት ፊደሉ እውነትም ድርብ ነው። ሁለተኛው ወደ ቀኝ ሸርተት ብሏል፣ ሙሉ ነው። ማዕዘኑ ላይ እንዳሉት ተሰንጥቋል!

ለሽማግሌው የእርስዎን ነገር ሁሉ ነገርኩት። አዳመጠኝና "አንድ ምስክር ምስክር አይደለም፣ ሁለተኛ አምጪ" አለኝ። እርስዎ ጋ አለ? ሳንቲሙን በፖስታ እንዳይልኩት፤ ከዚህ በፊት አንድ ፖስታዬ እዚያ ሲደርስ ተቀዶ እንደነበር ነግረውኛል። ሽማግሌው ድሮ ከሩቅ ሰብሳቢዎች ጋር ሲጻጻፍ፣ ወረቀት ሳንቲሙ ላይ አድርገው በእርሳስ እያሹ ነበር መልኩን የሚላላኩት። እንደዚያ አድርገው ይላኩልኝ።

የክፍሌ ልጅ ትስምዎታለች።

ልጅዎ


ጥር 25

ለድንቢጤ፣

ፈጣሪ ያክብርሽ። "ተሰንጥቋል" የሚለውን ቃል ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩት። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ብዙ አላስኬደኝም።

ሁለት አሉኝ። አንዷ ዳቦ ቤት በመልስ ሰጥተውኝ ከብዙ ዘመን በፊት ያገኘኋት ናት። ሁለተኛዋን ያገኘኋት አምና ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዓይኔ ደክሟል። ድርብ መሆኑን ያያል፣ ማዕዘኑን አይለይም። አሮጌ ዓይን ሁሉንም ነገር ድርብ አድርጎ ስለሚያይ አላምነውም። ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ባሳያት ትክ ብላ አየቻቸውና "ሁለቱም ሳንቲም ናቸው" አለችኝ። ምን ትላታለህ!

እንዳልሽኝ በእርሳስ አሽቼ ልኬልሻለሁ። ከሥሩ "አንድ"፣ "ሁለት" ብዬባቸዋለሁ። ካንቺዋ ጋር አስተያያቸው።

ምን ልላክልዎ ብለሽ ሁሌ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም ምንም እልሻለሁ። ዛሬ ልጠይቅሽ። ወፍራም እርሳስ ካገኘሽ። ደግሞ በአንገት የሚጠለቅ፣ ቁልፍ የሌለው ሹራብ። የሰው ቁልፍ ስትተክል የምትውለው ልብስ ሰፊዋ የእኔን ስትተክል ታስከፍለኛለች፤ ሹራቡ ከሷ ይገላግለኛል። ማሰሪያ የሌለው ጫማም ከሆነልሽ ጥሩ ነው። ካልሆነም ግድ የለም።

መልስሽን እጠብቃለሁ። ስለ እኔ ብለሽ እንዳትመጪ።

አጎትሽ


መጋቢት 17

ለድንቢጤ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የጥር ወሩ ደብዳቤዬ አልደረሰሽ ይሆን? ፖስታ ቤት ስመላለስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ገና ከበር ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። አልፈርድባትም።

ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ሁለቱንም እንደገና አሽቼ ልኬልሻለሁ።

ደርሶሽ ዝም ያልሽ እንደሆነ ግን ዝምታም መልስ መሆኑን አውቃለሁ። ያየሽውን ንገሪኝ። እኔ በር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ክፉ ወሬ ሲገባም ሲወጣም አይቻለሁ፤ አልሰበርም። ከክፉው ወሬ ይልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው የከበደኝ። ከሰኞ እስከ እሁድ ከግድግዳው በቀር የማናግረው የለም፤ ግድግዳው ደግሞ ሁሌ ይስማማል።

ሥራሽን ያዢ። በርቺልኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 12

ለውድ ጋሼ፣

ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። አንድ ማሽን ተበላሽቶ ፈረቃችን ተደራረበ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል።

ጋሼ፣ መልሱን ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ከዚያ ዓመት ያልሆነ፣ ምንም እንከን የሌለበት ሳንቲም ቤት ውስጥ አይጠፋም። እንደዚያው በእርሳስ አሽተው ይላኩልኝ። ለማነጻጸር ነው። እሱን ካየሁ በኋላ ያየሁትን ሁሉ እጽፍልዎታለሁ፣ ቃሌ ነው።

ወፍራም እርሳሱን፣ ሹራቡንና ጫማውን ልኬያለሁ። ሹራቡ ሰማያዊ ነው። ከሽበትዎ ጋር የሚያምርብዎት መስሎኝ ነው የመረጥኩት። ሾርባዎን ሳይተዉ ይጠጡልኝ።

ልጅዎ


ግንቦት 21

ለድንቢጤ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሹራቡ ልክ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ "ሙሽራ መሰልክ" ብላ ሳቀችብኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየኝ።

ያልሽኝን ልኬያለሁ። ሰሞኑን ከዳቦ መልስ የተገኘች፣ አምና የተመታች ሳንቲም ናት፣ እንከን የላትም። ለምን እንደፈለግሻት አልገባኝም፤ ግን ጥንቃቄሽ ደስ ብሎኛል። ከብረት ጋር የኖረ ሰው አሳድጎሽ አይደል!

ስለ ሾርባዬ አደራ ብለሽኝ ነበር። ሾርባውን ትቻለሁ፣ ዳቦ ይበቃኛል። ሻይ ግማሽ ብርጭቆ ነው የምጠጣው። ጢሜን አሳድጌያለሁ፤ ሽማግሌ በጢሙ ነው የሚከበረው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ያቺ ሳቂታ ጓደኛሽ በታኅሣሡ ደብዳቤ ስማኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላም አላለችኝም። መጀመሪያ ረስተሽው ነው አልኩ። የሚያዝያውን ሳገላብጥ ግን አንድም ቦታ "እኛ" ብለሽ አልጻፍሽም፣ ፈረቃው ላይ ብቻ ነው። ድንቢጤ፣ ከማን ጋር ነው የምትመለሺው? ራትሽን ከማን ጋር ትበያለሽ?

አጎትሽ


ሰኔ 23

ጋሼዬ፣

ዛሬ ሰላምታውን አላሳምረውም፣ ይቅር ይበሉኝ።

የጥር ወሩ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሁለቱን ወረቀቶች ከሳንቲሟ ጎን ዘረጋኋቸው። ሁለቱም ድርብ ናቸው። ግን "አንድ" ያሉት ወደ ላይ ነው የሄደው፣ "ሁለት" ያሉት ወደ ግራ። የኔዋ ወደ ቀኝ ናት። የላላ ነገር ሁለቴ አንድ ዓይነት አይዘልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። አምኜ ነበር፣ ጋሼ። እንደ እማዬ ይቅር ልልዎት ወረቀት አውጥቼ ተቀምጬ ነበር።

የመጋቢቱ ሲመጣ ግን ያው "አንድ" ያሉት ሳንቲም አሁን ወደ ታች ሄዷል። አንድ ሳንቲም ዛሬ ወደ ላይ ነገ ወደ ታች እንዴት ይደረባል? ያን ጊዜ ልቤ ጠረጠረ። ንጹሕ ሳንቲም ይላኩልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። መጣልኝ፤ አምና የተመታችው እንከን የለሽ ሳንቲም ፊደሏ ድርብ ነው፣ ቅጠሏም ድርብ ነው።

ድርቡ ከሳንቲሙ አይደለም። ከእጅዎ ነው።

ቁልፍ የሌለው ሹራብ ያሉኝ፣ የጫማው ማሰሪያ፣ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ፣ ሾርባውን መተውዎ፣ ጢምዎ፣ ዕድሜ ነው ብዬ ያለፍኩት የእጅ ጽሑፍዎ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አንሶላ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። መቼ ጀመረዎት? ሐኪም አይቶዎታል? ማን ነው የሚያጎርስዎት?

እርስዎም ያዩት እውነት ነው። የክፍሌ ልጅ ጥር ላይ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። ቤት ኪራዩን ብቻዬን ስለማልችለው ከጣሪያ ሥር ያለች ትንሽ ክፍል ተከራይቻለሁ። ራቴን የምበላው ቆሜ ነው፤ መቀመጥ ብቻዬን መሆኔን ስለሚያስታውሰኝ። እንዳያስቡ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት። ሁለታችንም አንድ ነን ለካ።

ሳንቲሞቹን ራሳቸውን ይላኩልኝ። በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ።

ልጅዎ


ሐምሌ 28

ለድንቢጤ፣

ይህን የምትጽፈው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ እኔ እነግራታለሁ። (ሰላም ነው ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።) ከራስሽ አትጨምሪ ብዬአት ነበር፣ ይኸው ጀመረች።

በራሴ ትምህርት ያዝሽኝ! ደብዳቤሽን ሲያነቡልኝ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቆይቶ ደግሞ ኩራት ተሰማኝ። እኔ ዓይኔ በደንብ ስለማያይ ወረቀቱ ላይ የወጣውን አላስተዋልኩም። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ እያወቅኩ፣ መንቀጥቀጡን ወረቀት ላይ ይተዋል ብዬ አላሰብኩም። ዕድሜ ልኬን ማሽን የጠበቅኩ ሰው!

የጀመረኝ አንቺ ከመሄድሽ በፊት ነው። ሻንጣሽን ስናስር ገመዱን ይሰሩልኝ ብለሽኝ አንቺው እሰሪው ያልኩሽ ለዚያ ነው። ብነግርሽ ትቀሪ ነበር። ሐኪም አይቶኛል፣ ኪኒን ሰጥቶኛል፤ ያበርደዋል እንጂ አያድነውም። (ኪኒኑን እኔ ካልሰጠሁት አይውጥም። ሾርባም እኔ ነኝ የማቀርብለት፣ ተወው ያለሽ ውሸቱን ነው፣ በማንኪያ እንዳጎርሰው ስለሚያፍር ነው።) ተይ አንቺ ሴትዮ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አንቺ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ አትሳቂ። ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዞኛል። ይህ እጅ መቼ ላላ? ያን ጊዜም ጀምሮት ቢሆንስ? ብሎኑን አጥብቄያለሁ ያልኩት ያጠበቅኩ መስሎኝ ቢሆንስ? እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ ሲጠረጥረኝ እኔ አንድ ቀን ራሴን ጠርጥሬ አላውቅም ነበር። አሁን ጠረጠርኩ። ይሄ በር ላይ ከመቀመጡ ይከብዳል።

(አልሳቅሁም።)

መርከብ ላይ የሚሠራው የልብስ ሰፊዋ ወንድም በዚያ በኩል ያልፋል። ሳንቲሞቹን በመሐረብ ቋጥራ ሰጥታዋለች። የላላ ብረት የመታቸው ሆነው ካገኘሻቸውም እውነቱን ጻፊልኝ። እናትሽ ይቅር እንዳለችኝ አትበይኝ፣ ያየሽውን ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


መስከረም 18

ለውድ ጋሼ፣

ሳንቲሞቹ ደረሱኝ። ባለ መርከቡ ሰውዬ ደረጃውን ወጥቶ ጣሪያ ሥር ድረስ መጣልኝ። የልብስ ሰፊዋ ወንድም መሆኑ ያስታውቃል፣ እሱም ሳይጠየቅ ብዙ ያወራል። ክፍሌ ውስጥ የሰው ድምፅ ከሰማሁ ሰንብቶ ስለነበር ሻይ ደጋግሜ ቀዳሁለት።

በማግሥቱ ሥራ ሳልገባ ባለ አንድ ዓይናው ጋ ሄድኩ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። መነጽሩን እሱ ያዘልኝ።

ጋሼ፣ አንድ ናቸው።

ሦስቱም ላይ ሁለተኛው ፊደል ወደ ቀኝ ነው የሄደው፣ እኩል ነው የሄደው። ሙሉ ነው፣ ጠፍጣፋ አይደለም። ማዕዘኑ ሦስቱም ላይ እዚያው ቦታ ተሰንጥቋል። ደግሞ ከቅጠሏ ግንድ አጠገብ ፀጉር የምታህል ጭረት አለች፤ እሷም ሦስቱም ላይ አለች፣ የአንድ ብረት ልጆች ናቸው። ሽማግሌው ደጋግሞ አያቸውና "ብረቱ ነው፤ ሰውዬው አይደለም" አለ። ከዚያ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ብረቱ ነው። እርስዎ አይደሉም። እጅዎ ያን ጊዜ ደህና ነበር። ብሎኑ ጠብቆ ነበር።

ከሱቁ ስወጣ መጮህ አማረኝ። ግን ለማን? የፈረቃ ኃላፊዬን አቁሜ ነገርኳት፤ አዳመጠችኝና "እና?" አለችኝ። እውነትም እዚህ ማንም ምንም አይገባውም። አንሶላዬን ማጠፍ ቀጠልኩ። ያን ቀን ግን ራቴን ተቀምጬ በላሁ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በማጣበቂያ ይዤ ሦስቱንም በእርሳስ አሽቼልዎታለሁ። ለልብስ ሰፊዋ ያሳዩዋት፣ "ሦስቱም ሳንቲም ናቸው" እንዳትል ብቻ።

የሥራ ውሌ ኅዳር ላይ ያልቃል። ላድሰው ወይስ ልምጣ? ሥራሽን ያዢ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ስለጠየቅኩ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ


ጥቅምት 15

ለድንቢጤ፣

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ንጋት ትንሽ ቆየ እንጂ ነጋ። ዓይኔን አበራሽው፣ ፈጣሪ ያንቺን ያብራልሽ።

ወረቀቱን ይዤ ጡረታ የምንቀበልበት ሄድኩ። ከማሽን ክፍል ሰዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነው፣ ጆሮው ደክሟል። ኮስትሬ ከሞተ ቆይቷል። "ድርቤ! አለህ እንዴ?" ብሎ አቀፈኝ። ወረቀቱን አሳየሁት፣ ጮክ ብዬ አስረዳሁት፣ ሰልፉ ሁሉ ሰማኝ። እሱ ግን ምን አለኝ መሰለሽ? "የቱ ሳንቲም?" አለኝ። ስሙን ይዞ ነገሩን ረስቶታል። ይህን ሁሉ ዘመን ያሰቃየኝ ነገር እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር የተረፈው። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ደስታዬን ይዤ የምሄድበት ቤት አጣሁ።

በኋላ ወደ እናትሽ መቃብር ሄድኩ። (እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ መንገዱ ሩቅ ነው።) ወረቀቱን ዘርግቼ "እህቴ፣ ይቅርታሽን ውሰጂ። አላጠፋሁም" አልኳት። ነፋስ ነበር፣ ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ያዘችልኝ። ካንቺ ሌላ ልነግራት የምፈልገው ሰው እናትሽ ናት፣ ቀለል አለኝ።

እስከዚህ ልብስ ሰፊዋ ናት የጻፈችው። ከዚህ በታች ያለውን ራሴ ልጻፍ ብዬ እርሳሱን ተቀበልኳት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛልኛለች።

ፊደሌ ድርብ
ሆኖ ብታዪው
የላላው ማሽኑ ነው።
ብረቱ ያው
አጎትሽ ነው።

እንዳትመጪ
የሚለው ረጅም ነው፤
እጄ አይችለውም።
አጭሩን ይችላል።

ነይ።